ቀለሃው ከመውደቁ በፊት፦ የአንድ ተኩስ ሜዳ የጉዳይ ጥናት

ቅሬታው መጀመሪያ የመጣው ከተኳሾች አይደለም። የሜዳውን ሳር ከሚያጭደው ሰውዬ ነው። የሞተር ማጨጃው ሳሩ ውስጥ የተሸጎጠ ቀለሃ፣ ማለትም ከተተኮሰ ጥይት የሚቀረውን ባዶ ቀፎ፣ ሲያገኝ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ያስፈነጥረዋል። አንዱ ቅልጥሙን አገኘው። ሰውዬው ሳይውል ሳያድር ወደ ክለቡ ኮሚቴ ሄዶ "ወይ ቀለሃችሁን በደንብ ልቀሙ፣ ወይ ሳሩን ራሳችሁ እጨዱ" አላቸው። ቁርጥ ያለ ነገር ነው።

ሌላው ቅሬታ ትንሽ ቆይቶ መጣ። እሱ ደግሞ ባሰ። ከክለቡ ቁርጥራጭ ናስ የሚገዛው ነጋዴ አንድ ጆንያ እንዳለ መለሰ። ከባዶው ቀለሃ መሃል ያልተተኮሰ ጥይት አግኝቶ ነበር። ናስ የሚቀልጥበት ምድጃ ውስጥ ሙሉ ጥይት ቢገባ ምን እንደሚፈጠር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ኮሚቴው የነቃው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው። ተኳሾቹማ ለቀማውን ለምደውት ነበር። የመዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ወገቡን አጉብጦ መሬት ለመሬት ይርመሰመሳል። ግማሹ ይለቅማል፣ ግማሹ ያወራል፣ አንዳንዱ ሹልክ ይላል። ሲመሻሽ ናስ ከጠጠር አይለይም፤ "ነገ እንጨርሰዋለን" ተብሎ ይበተናል። ነገ ግን ሌላ ተኩስ አለ።

ጉዳዩን የተከታተልኩት ከአባላቱ እንደ አንዱ ሆኜ ነው። የክለቡን ስም አልጠራም። ለታሪኩ የሚጨምረው ነገር የለም።

የሜዳው አቀማመጥ

ሜዳው ክፍት ነው፤ ከመተኮሻው መስመር በላይ ብቻ ጣሪያ አለው። 12 የመተኮሻ ቦታዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ተኳሹ የሚቆምበት ወለል ሲሚንቶ ነው። ከኋላ ጠጠር ፈሶበታል። ከፊት እስከ ዒላማው ድረስ ሳር ነው። በቦታዎቹ መካከል እስከ ወገብ የሚደርስ የጣውላ ከለላ ነበረ።

ይህችን የወለል ነገር ልብ በሉልኝ። ለቀማ ላይ ብዙውን ነገር የምትወስነው እሷ ነች። ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ቀለሃ በሰፊ መግፊያ ተገፍቶ አንድ ጥግ ይከማቻል። ሳር ላይ የወደቀው ይደበቃል፤ ግን ተገቢው ዕቃ ካለ ይወጣል። ጠጠር ላይ የወደቀው ነው ጣጣው። በመጠንም በቀለምም ከጠጠሩ ይመሳሰላል። ሲጠረግ ጠጠሩ አብሮ ይመጣል። ሲረገጥ ደግሞ ይሰምጣል።

የሚተኮሰውም ድብልቅልቅ ያለ ነው፤ ቁጥሮቹ የጥይቱን ልክ ይናገራሉ፣ በነጥብ የሚጀምሩት በኢንች፣ ሌሎቹ በሚሊ ሜትር። 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ይበዛል። .45 አለ፣ .22 አለ፣ 5.56 አለ፣ 7.62 በ39 የሚተኩሱ የክላሽ ዓይነት ጠመንጃዎችም አሉ። የ9 ሚሊ ሜትሩ ቀለሃ ቁመቱ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 4 ግራም ገደማ ነው። የ5.56ቱ ቁመት ወደ 45 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ 6 ግራም አካባቢ ይመዝናል። የ.22 ግን የቂጡ ጠርዝ ስፋት 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። እነዚህን ሁሉ በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ጊዜ እሰበስባለሁ ማለት ከጅምሩ ራስን ማድከም ነው።

"ታዲያ ለምን ይህን ያህል ይለፋል?" የሚል አይጠፋም። የተለመደው የቀለሃ ናስ 70 ከመቶ መዳብ፣ 30 ከመቶ ዚንክ ነው። ቁርጥራጭ ሆኖም ዋጋ አለው። ጥይቱን ራሱ መልሶ ለሚሞላ ተኳሽ ደግሞ ከጥይቱ ክፍሎች ሁሉ በተደጋጋሚ የሚያገለግለው ቀለሃው ብቻ ነው። ተወርዋሪው እርሳስና ባሩዱ አንዴ ከሄዱ ሄዱ። ቀለሃው ግን፣ በተለይ የሽጉጥ ከሆነ፣ ደጋግሞ ይሞላል። ሲሚንቶ ላይ ተበትኖ ሲቀር ደግሞ ሌላ ጠባይ ያወጣል፦ ከጫማ ሥር ይሽከረከርና ሰው ይጥላል። የተጎረሰ ሽጉጥ የያዘ ሰው እንዲንሸራተት የሚፈልግ ማን አለ?

መጀመሪያ ዕቃ ተገዛ

ኮሚቴው ሲጨንቀው ያደረገው ማንኛውም ኮሚቴ የሚያደርገውን ነው። ዕቃ ገዛ።

ዕቃው ከዛፍ የረገፈ ለውዝና ፍራፍሬ ለመልቀም የሚሠራ ተንከባላይ የሽቦ ቅርጫት ነው። ረጅም እጀታ አለው። ጫፉ ላይ ከቀጫጭን ሽቦዎች የተሠራ እንቁላል መሳይ ጎጆ ይሽከረከራል። ቀለሃው ላይ ሲያንከባልሉት ሽቦዎቹ ፈቀቅ ብለው ያስገቡታል፣ ወዲያው ተመልሰው ይገጥማሉ። ወገብ ሳይጎነበስ ይለቀማል። ሲሞላ ሽቦውን ባልዲው አፍ ላይ በተገጠመ መክፈቻ ከፈት አድርጎ ማራገፍ ነው።

ሳሩ ላይ ግሩም ሆነ። አጫጁም ሰላም አገኘ። ጠጠሩ ላይ ግን እጅ ሰጠ፤ ከቀለሃው እኩል ጠጠር እየዋጠ ይመጣል። የሽቦዎቹ ክፍተትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለ9 ሚሊ ሜትርና ለ.45 የሚሆነው ቅርጫት የ.22ን ቀለሃ መልሶ ያፈሰዋል። ለ.22 የሚሆነው ጠባቡ ደግሞ ትልልቁን በግድ ነው የሚያስገባው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት መግዛት ግድ ነው።

ያም ሆኖ ማምሸቱ አልቀረም። ምክንያቱም ሰዉ አሁንም የሚለቅመው ሁሉም ነገር በየአቅጣጫው ከተበተነ በኋላ ነው።

በጠመኔ የተሰመረው ካርታ

ከአንጋፋዎቹ አባላት አንዱ፣ ወጣቶቹ ጋሼ የሚሉት፣ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ "ልጆች፣ መልቀሚያ ከምትገዙ መጀመሪያ የት እንደሚወድቅ እዩት።" ቀላል ነገር ይመስላል። ግን እስከዚያ ድረስ ማንም አልሞከረውም ነበር።

ሞከርነው። ከየመሣሪያው ዓይነት አንድ አንድ ተኳሽ እየቆመ 10 ጥይት ይተኩሳል። ሌላው ሰው ከኋላ ሆኖ የሚወድቅበትን ያያል። ከዚያ ተኩስ ይቆማል፣ መሣሪያው ባዶ ይሆናል፣ ቀለሃው በወደቀበት ቦታ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። ለየመሣሪያው የተለያየ ቀለም ተመደበ። ጠጠሩ ላይ ጠመኔ ስለማይጽፍ ባለ ቀለም ገመድ ዘረጋን። ስንጨርስ ወለሉ ዝንጉርጉር ሆነ፤ ነገር ግን ፈር ያለው ዝንጉርጉር ነበር።

አብዛኞቹ ግማሽ አውቶማቲክ መሣሪያዎች፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቀጣዩን ጥይት ራሳቸው የሚያጎርሱት፣ ቀለሃን በቀኝ በኩል ነው የሚተፉት። ከውስጥ ያለች ጥፍር የቀለሃውን ጠርዝ ይዛ ወደ ኋላ ትስበዋለች። ወደ ኋላ ሲሄድ አንዲት ብረት የቂጡን አንድ ጎን ትገፋዋለች፣ እሱም በመስኮቱ በኩል ተስፈንጥሮ ይወጣል። ይህ ሁልጊዜ በተመሳሳይ መንገድ ስለሚሆን የሚወድቅበትም ቦታ ይመሳሰላል። የሽጉጦቹ ምልክት ከተኳሹ ቀኝ ትከሻ ወደ ኋላ ባለው ቦታ ላይ ታጭቆ ነበር። ያ ቦታ ደግሞ በትክክል ሲሚንቶው አልቆ ጠጠሩ የሚጀምርበት ነው! ለዓመታት ወገባችንን የቆረጠን ይኸው ነበር።

የ5.56 ጠመንጃዎቹ ወደ ቀኝ ጎን ይወረውራሉ፤ አንዳንዴ ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነብላሉ። የክላሽ ዓይነቶቹ ግን ዓለማቸው ሌላ ነው። ቀለሃውን በኃይል ወደ ቀኝና ወደ ፊት ያሽቀነጥሩታል። አልፎ አልፎ ጎኑን አጎድጉደውት ነው የሚወጣው። ሳሩ ውስጥ እሩቅ የሚገኙት ቀለሃዎች የእነሱ ነበሩ። ሪቮልቨር የያዘ ሰው በካርታው ላይ አንዲት ምልክት አላስቀመጠም። ቀለሃው ሰውዬው እስኪያራግፈው ድረስ እዚያው ጥይቶቹን በያዘው ተሽከርካሪ ጎማ ውስጥ ይቀመጣል። እያንዳንዱን ጥይት በእጁ የሚያጎርስ ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃም እንደዚያው ነው፤ ቀስ ብሎ ከሳበው ቀለሃው መዳፉ ላይ ያርፋል።

አንድ ያላሰብነው ነገርም ታየ። በቦታዎቹ መካከል ያለው ጣውላ ቀለሃውን ይመልሰዋል። ሽጉጡ ወደ ቀኝ ይተፋል፣ ቀለሃው ከጣውላው ጋር ይጋጫል፣ ነጥሮ ወደ ማንም አቅጣጫ ይሄዳል። አንዳንዱ ከጣውላው በላይ አልፎ ጎረቤት ተኳሽ ኮሌታ ውስጥ ይገባል። ገና የወጣ ቀለሃ ደግሞ ትኩስ ነው፤ ያቃጥላል። ትኩስ ቀለሃ አንገቱ ውስጥ የገባበት ሰው ጣቱ ምላጩ ላይ መሆኑን ረስቶ ሲዘል ማየት የሚያስደነግጥ ነገር ነው።

መረቡ

ከካርታው በኋላ ውሳኔው ብዙም አላከራከረም። ቀለሃው ከመውደቁ በፊት ይያዝ ተባለ።

ጣውላው ተነሳ። በምትኩ ከቦታዎቹ ቀኝ በኩል ከጣሪያው ማገር ላይ መረብ ተንጠለጠለ። እዚህ ጋ ረጋ ብዬ ልናገር፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው።

መረቡ መጀመሪያ የተሰቀለው ተወጥሮ ነበር። ተወጥሮ ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን የተወጠረ መረብ ከጣውላው ብዙም አይለይም፤ ቀለሃውን መልሶ ያነጥረዋል። ከዚያ የታችኛው ጫፍ ተለቀቀ፣ የላዩም ጠበቅ ማለቱ ቀረ። መጋረጃ ሆነ። አሁን ቀለሃው ሲመታው መረቡ ወደ ኋላ ሸሸት ይላል፣ ኃይሉን ይበላዋል። ቀለሃው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ታች ደግሞ ለሁለት የተሰነጠቀ የዝናብ ውኃ ቱቦ ጋደም ብሎ ይጠብቀዋል። ቱቦው በትንሹ ወደ አንድ ጫፍ ያዘነብላል፤ ጫፉ ላይ ባልዲ አለ። የመረቡ ቀዳዳ ከ.22 ቀለሃ የጠበበ ነው፤ ግን ያሳያል። ይህ ወሳኝ ነው። የተኩሱ አዛዥ የሁሉንም ተኳሽ እጅ ማየት አለበት፤ በድፍን ሸራ ቢጋረድ ኖሮ አይሆንም ነበር።

ከኋላ ያለው ጠጠር ላይ ደግሞ የችግኝ ጥላ የሚሠራበት ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ተነጠፈ። መጀመሪያ የታሰበው የፕላስቲክ ሸራ ነበር። ሸራ ግን ሲዘንብ ኩሬ ይሠራል፣ ቀለሃው ጭቃ ውስጥ ይዋኛል። የጥላው ጨርቅ ውኃውን ያሳልፋል። ጠርዞቹ በረጅም ሚስማር መሬት ላይ ተቸከሉ። ጨርቁ ከተኳሹ እግር ሥር እንዳይደርስ ተደረገ፤ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሲል ጫፉ ቢጠልፈው ሌላ መዘዝ ነው። ለማንሳት ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ በአንድ በኩል፣ ሌላው በሌላ በኩል ይዘው ወደ መሃል ያጥፉታል፣ ከዚያ ወደ ባልዲ ማፍሰስ ነው።

ክላሽ ተኳሾች ወደ ቀኙ ዳር፣ ወደ 11ኛውና 12ኛው ቦታ ተዛወሩ። የሚያሽቀነጥሩት ቀለሃ ማንንም ሳይመታ ሳሩ ላይ ያርፋል። የእነሱን ቀለሃ ለመሰብሰብ መረብ አልሰቀልንም፤ ወደ ፊት ስለሚሄድ መረቡ ከመስመሩ ማለፍ ይኖርበት ነበር። ደግነቱ አብዛኛው የዚህ ዓይነት ጥይት ቀለሃ ብረት ነው፣ ማግኔት ይስበዋል። ጎማ ያለው ሰፊ ማግኔት በሳሩ ላይ ሲጎተት እየለቀመ ይሄዳል። የብረት ቀለሃ እንደ ናስ ዋጋ አያወጣም። ግን ይዝጋል፣ ማጨጃም ይጎዳል፤ ስለዚህ ይነሳል።

መሣሪያው ላይ የሚገጠም ከረጢትም ተሞክሯል። ጥሩነቱ አንዲት ቀለሃ አታመልጥም። መጥፎነቱ ሁለት ነው። ርካሹ ናይለን በትኩስ ቀለሃ ይበሳል። ከረጢቱ ሲሞላ ወይም ሲታጠፍ ደግሞ ቀለሃው ነጥሮ ወደ መስኮቱ ይመለሳል፣ መሣሪያውም ይነክሳል። ለሚፈልግ ይፈቀድ ተብሎ ታለፈ። እኔ ብሆን ለውድድር ልምምድ አልገጥመውም።

መቼ ይነሳል? ማን ያነሳል?

ቦታው ከተስተካከለ በኋላ ሰዓቱ ቀረ። ቀድሞ ለቀማው በሙሉ ለቀኑ መጨረሻ ይተው ነበር። አሁን በየ"ተኩስ አቁም"ው ተከፋፈለ። ሰው ዒላማ ለመቀየር ወደ ፊት መሄዱ አይቀርም። ያን ጊዜ መሣሪያዎች ሁሉ ባዶ ሆነው፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ማንም አይነካቸውም። ወደ ፊት ከሚሄዱት አንዱ ተንከባላዩን ቅርጫት ይዞ ይሄዳል፤ ሲመለስ እግረ መንገዱን የሳሩን አንድ ረድፍ ይጨርሳል። ከኋላ የቀረ ሰው ከጠረጴዛው ፈንጠር ብሎ የጨርቁን ቀለሃ ወደ ባልዲ ይገለብጣል። ጠረጴዛው አካባቢ ያለውን የሲሚንቶ ወለል ግን ሰዎቹ ከፊት እስኪመለሱ ድረስ ማንም አይነካውም። ሰው ከፊት እያለ መሣሪያ አጠገብ መርመጥመጥ የተከለከለ ነው፣ ለጽዳት ቢሆንም።

ተኩስ ላይ እያሉ ለቀለሃ መጎንበስም ቀረ። ይህ ለእኔ ከመረቡ እኩል የሚቆጠር ለውጥ ነው። ቀድሞ የራሱ ቀለሃ ወደ ጎረቤት ሲንከባለል አይቶ ሽጉጥ በእጁ እንደያዘ የሚጎነበስ ሰው ነበር። ዓይኑ መሬት ላይ ነው፤ አፈሙዙ የት እንደዞረ አያውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን ከመፍሰስ የከፋ ነገር ሊመጣ ይችላል።

ይህ ጎንብሶ ለቀማ የሚመጣው ደግሞ ከባለቤትነት ጭቅጭቅ ነው። ራሱ ጥይት የሚሞላ ሰው ቀለሃው ከሌላው ጋር እንዲቀላቀልበት አይፈልግም። ስንት ጊዜ እንደተሞላ የሚያውቀው የራሱን ብቻ ነው። ሁለት ነገር ተደረገ። ሙላት የሚሠሩት የቀለሃቸውን ቂጥ በቀለም እስክሪብቶ መስመር እንዲያሰምሩ ተነገራቸው፤ የአንዱ ቀይ፣ የሌላው ሰማያዊ። ከዚያ ደግሞ ደንብ ወጣ። ተራህ እስኪያልቅ በአንተ ቱቦና ባልዲ ውስጥ ያለው የአንተ ነው። ከመስመሩ ወደ ፊት የወደቀውና ተራህ ካለቀ በኋላ የቀረው የክለቡ ነው። ደንቡ ሲጻፍ ያጉረመረመ ነበር። መረቡ ከተሰቀለ በኋላ ግን የሚያከራክረው ቀለሃ ራሱ አነሰ።

ማንጓለል

ነጋዴው ለመለሰው ጆንያ መፍትሔ የተፈለገው እዚህ ነው።

ያልተተኮሰ ጥይት ቀለሃ ውስጥ የሚገባባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። ካዝና ሲሞላ ይወድቃል። መሣሪያ ሲራገፍ ወጥቶ ይንከባለላል። ወይም ተመትቶ አልነሳ ያለው ወጥቶ መሬት ይጣላል። የመጨረሻው ነው አደገኛው። ምላጭ ተስቦ ያልተኮሰ ጥይት ዘግይቶ ሊተኩስ ስለሚችል፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሴኮንድ መጠበቅ ነው የሚመከረው። ከዚያ ወጥቶ ወደ ተለየ ቦታ ይሄዳል። አሁን በመስመሩ ሁለት ጫፍ ላይ ቀይ የተቀባ፣ የሚቆለፍ ጣሳ አለ። ያልተኮሰ ጥይት ሌላ ቦታ አይጣልም። ወደ ቀለሃ ባልዲም፣ ወደ ቆሻሻም አይገባም።

ያም ሆኖ የሚያመልጥ ስለማይጠፋ ማንጓለያ ጠረጴዛ ተዘጋጀ። ቀለሃው በመጀመሪያ በማግኔት ላይ ያልፋል፤ ብረቱ ይቀራል። ከዚያ ቀዳዳቸው የተለያየ ወንፊቶች በተደራረቡበት ይናጣል። .22 እስከ ታች ይወርዳል። 9 ሚሊ ሜትር ከላይ ባለው ይያዛል፤ ጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። .45 ከሁሉ በላይ ይቀራል፤ የእሱ ጠርዝ 12 ሚሊ ሜትር ያልፋል። የጠመንጃ ቀለሃ ረጅም ስለሆነ ወንፊቱ ላይ ይንጋለላል፣ በእጅ ይነሳል።

ከዚያ በኋላ ነው የዓይን ሥራ። ቀለሃው ነጭ ትሪ ላይ በስሱ ይፈሳል። በስሱ ነው፤ ተከምሮ ከታየ አይታይም። የ9 ሚሊ ሜትር ቀለሃ የ.45 አፍ ውስጥ ገብቶ ተወትፎ ይገኛል። ከሩቅ አንድ ቀለሃ ነው የሚመስለው። አንዱን አንስቼ ሳየው አፉ ላይ ሌላ ክብ ጠርዝ አለ፤ ነቅነቅ አድርጌ ስስበው ሁለት ሆነ። ወደ አፉ ሲመለከቱ ጨለማ መሆን አለበት። እርሳስ ወይም መዳብ ካበራ ሙሉ ጥይት ነው፤ ወደ ቀዩ ጣሳ ይሄዳል። ከታች ባለችው፣ ባሩዱን በምታቀጣጥለው ትንሽ ቆብ ላይ የመርፌው ጉድጓድ መኖሩ ብቻውን አያስተማምንም፤ ተመትቶ ያልተኮሰም ጉድጓድ አለው።

ነጭ የሚያብለጨልጭ ቀለሃም ያደናግራል። አንዳንዱ አሉሚኒየም ነው፣ ሌላው ኒኬል የተቀባ ናስ። ሁለቱንም ማግኔት አይነካቸውም። በእጅ ሲመዝኑት ግን ይለያል፤ አሉሚኒየሙ ቅልል ያለ ነው። ይህ ከናሱ ጋር ከተቀላቀለ ነጋዴው ዋጋ ይቆርጣል። ለሚሞሉት ደግሞ የባሰ ጣጣ አለው፦ የ.45 ቀለሃ ትልቅ ቆብ የሚጎርስም ትንሽ ቆብ የሚጎርስም አለ። ካልለዩት ማሽናቸው መሃል ላይ ይቆማል።

መቁጠር ቀርቷል፤ ይመዘናል። የተጣራ የ9 ሚሊ ሜትር ናስ አንድ ኪሎው 250 አካባቢ ቀለሃ ነው። ትክክለኛውን ለማወቅ 100 ቀለሃ መዝኖ ማካፈል ይበቃል፤ ከፋብሪካ ፋብሪካ ትንሽ ይለያያልና።

አቧራው

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። ባይዘለው ደስ ይለኛል።

በአብዛኞቹ ጥይቶች ቆብ ውስጥ ያለው ተቀጣጣይ የእርሳስ ውህድ አለበት። ሲተኮስ ጥቀርሻው ቀለሃው ውስጥና ወለሉ ላይ ይቀራል። እርሳስ ማለቴ መጻፊያውን አይደለም፤ ብረቱን ነው፣ መርዛማውን። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል። ሕጻናት ላይ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ቆመ። አቧራውን ወደ ሳንባ መላክ ማለት ነው። ሲሚንቶው በውኃ ርሶ በላስቲክ መግፊያ ይገፋል። አንድ አባል ከቤቱ ተራ ቫኪዩም ላምጣ ብሎ ነበር፤ አልተፈቀደለትም። ተራ ቫኪዩም ደቃቁን የእርሳስ ብናኝ በጀርባው መልሶ ይተፋዋል። ከመስመሩ ፊት ለፊት ደግሞ ሳይቃጠል የቀረ ባሩድ ይጠራቀማል፤ የቫኪዩሙ ሞተር ብልጭታ ሊያያይዘው ይችላል። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ዕቃ አለ፤ ክለቡ አልገዛም፣ በውኃው ቀጥሏል።

ቀለሃ የሚነካ ጓንት ያደርጋል። ባርኔጣ ውስጥ ቀለሃ መሰብሰብ ቀረ፤ ያ ባርኔጣ ተመልሶ ጭንቅላት ላይ ነው የሚወጣው። ማንጓለያው ጠረጴዛ ላይ አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይጨስም። ሲያበቃ እጅ በሳሙና ይታጠባል። የጽዳት ልብስና ጫማ ልጅ ያለበት ቤት አይገባም። ቀለሃ በደረቅ ማሽን ማጽዳትም በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቀርቷል፤ ክዳኑ ሲከፈት የሚነሳው ብናኝ እርሳስ አለበት።

ምን ተለወጠ፣ ምን ቀረ

ከሽጉጦቹ የሚወጣው ቀለሃ አብዛኛው አሁን መሬት አይነካም። በመረቡ ወርዶ ቱቦው ውስጥ ነው የሚያድረው። ከመዝጊያ በኋላ የሚቀረውን ሁለት ሰው ሳይመሽ ይጨርሰዋል፤ ሌላው መሣሪያውን ያጸዳል ወይም ይሄዳል። ነጋዴው መግዛቱን ቀጥሏል። ጆንያውን ሲቀበል ግን አሁንም ራሱ እጁን ከትቶ ያገላብጣል፤ አልፈርድበትም።

አዲስ ሥራም መጥቷል። መረቡ በተደጋጋሚ የሚመታበት ቦታ ላይ ይሳሳል፣ ይቦተረፋል። ቱቦዎቹ ካልተራገፉ ሞልተው ይፈሳሉ። ለዚህ ተረኛ ተመድቧል፤ ተረኛው ሲረሳ ደግሞ ጨርቁ ላይ ይከማቻል። ግራኝ ተኳሾች መረቡ ሸክም ይሆንብናል ብለው ሠግተው ነበር። መሣሪያቸው ያው ወደ ቀኝ ስለሚተፋ መረቡ እንዳለ ሠርቷል። በደረታቸው ፊት የሚያልፈው ቀለሃ ግን ያሳስባቸዋል፤ የዓይን መነጽር ያለማድረግ አማራጭ የላቸውም። ለነገሩ ማንም የለውም።

መፍትሔ ያላገኘው .22 ነው። ቀላል ስለሆነ መረቡ ላይ ሳይደርስ ይወድቃል። ብዙው የሚያርፈው ተኳሹ እግር ሥር ነው፤ እሱ ደኅና፣ በመግፊያ ይገፋል። የቀረው ግን ከጨርቁ ጠርዝ እያመለጠ ጠጠሩ ውስጥ ይገባል። ናስ ስለሆነ ማግኔት አይስበውም፣ ለተንከባላዩ ደግሞ ጠጠሩ እንቅፋት ነው። ለሙላትም አይሆንም፤ ተቀጣጣዩ ጠርዙ ውስጥ ስለሆነ አንዴ ከተመታ አብቅቶለታል። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ1,000 በላይ ቀለሃ ይፈልጋል። እያንዳንዱን ለመልቀም የሚጠፋው ጉልበት ከናሱ ዋጋ ይበልጣል።

የ.22 ተኳሾች ከ1 እስከ 3 ያሉትን ቦታዎች ብቻ እንዲጠቀሙ ተደርጓል። ከእነዚያ ቦታዎች ኋላ ያለው ጠጠር ተነስቶ ሲሚንቶ ይፈስበት የሚል ሐሳብ ለኮሚቴው ቀርቧል። ኮሚቴው የዋጋ ማቅረቢያ እየጠበቀ ነው። እስከዚያው ጨርቁ እጥፍ ሆኖ ተነጥፎላቸዋል።